ወፍጮው በሰከንድ ስንት ጊዜ ይንቀጠቀጣል?

ለመካኒኮች፣ ለወፍጮ ቤት ባለቤቶችና ለሙያ ተማሪዎች በደብረ ማርቆስ ከቀረበ የማሽን ንዝረት መግቢያ ንግግር ለንባብ የተስተካከለ

እንደምን ዋላችሁ። ጠረጴዛው ላይ ሞርሳ፣ አንድ የሴጌቶ ምላጭና ጥቂት ዳዶ አለ። ለዛሬ ከዚህ በላይ ዕቃ አያስፈልገንም።

ከደጀን እስከ ዳንግላ ወፍጮ ቤት ገብቶ ለጠየቀ ሰው መልሱ አንድ ዓይነት ነው፦ «ያንቀጠቅጠዋል፤ ኩሽኔታው ሳይሆን አይቀርም።» ኩሽኔታ (የሚዞረውን ዘንግ የሚይዘው ባለ ኳስ ቀለበት) ይገዛል፣ ይገጠማል፣ ወር ሳይሞላ ድምፁ ይመለሳል። ሁለተኛ ኩሽኔታ ይገዛል። ጥፋቱ የኩሽኔታው የሆነበት ጊዜ የለም አንልም። ብዙውን ጊዜ ግን ኩሽኔታ የሌላውን ዕዳ ከፋይ ነው፤ ፑሌጃው (ቺንጋ የሚባለው የማሽን ቀበቶ የሚዞርበት መዘውር) ሲንጋደድ፣ ድንጋዩ ሚዛኑን ሲስት፣ መሠረቱ ሲላላ መጀመሪያ የሚያልቀው እሱ ነው። ስለዚህ «ምን ያህል ይንቀጠቀጣል?» ከማለት በፊት «በሰከንድ ስንት ጊዜ ይንቀጠቀጣል?» ማለትን መልመድ አለብን። የመጀመሪያው ጥያቄ ሕመሙ ምን ያህል እንደከፋ ይነግራል፤ ሁለተኛው በሽተኛው የት እንዳለ።

ምላጩን እንየው። ርዝመቱ 30 ሳንቲ ሜትር ነው፤ አምስቱን ሞርሳው ነክሶታል፣ ሃያ አምስቱ ወጥቷል። ጫፉን በጣት ገፍተን ስንለቀው በሰከንድ 9 ጊዜ ያህል ይመላለሳል። ይሄ በዓይን አይቆጠርም፤ በሰከንድ 240 ምስል በሚያነሳ ስልክ ስትቀርጹት ግን አንዱ ምልልስ 27 ምስል ገደማ ይፈጃል፣ 240 ለ27 ሲካፈል 9 ይመጣል። አሁን የወጣውን ክፍል በግማሽ አሳጥረን 12.5 ሳንቲ ሜትር እናድርገው። እጥፍ ይፈጥናል ብላችሁ ገምታችሁ ይሆናል። አራት እጥፍ ነው፤ ወደ 34 ይደርሳል። ጫፉ ላይ ዳዶ ብናስርበት ደግሞ ተመልሶ ይዘገያል። አንድ ነገር ደግሞ አስተውሉ፦ በአንድ ሳንቲ ሜትርም ግፉት በሁለት፣ ቁጥሩ ያው ነው። የንዝረቱ ስፋት ይለወጣል እንጂ ድግግሞሹ አይለወጥም። ያ ቁጥር የምላጩ የራሱ ነው፤ የተፈጥሮ ድግግሞሽ የምንለው ይህን ነው። በሰከንድ አንድ ምልልስ አንድ ሄርትዝ ይባላል።

የሚነዝር ነገር ሁሉ፣ ከምላጩ እስከ ድልድይ፣ ሦስት ነገር አለው፦ ክብደት፣ ግትርነትና ንዝረቱን የሚያረግብ ነገር። ክብደት ሲጨምር ይዘገያል፣ ግትርነት ሲጨምር ይፈጥናል። በመካኒክ ቤት የምንሠራው ሥራ ሁሉ፣ ቡሎን ማጥበቅም፣ ጎማ ማንጠፍም፣ ቮላኖ (ከባዱን የሞተር መዘውር) መቀየርም፣ ከሦስቱ አንዱን መንካት ነው፤ ሳናውቀው ስለምንነካው ነው አንዳንድ ጊዜ የባሰ የሚሆነው።

ይህን ከመካኒክ በፊት የሚያውቀው አዝማሪ ነው። የማሲንቆው የፈረስ ጭራ በሰውነቱ ምንም አልተለወጠም፤ ጣቱን ሲያወርድ የሚነዝረው ርዝመት ያጥርና ድምፁ ይቀጥናል፣ መቃኛውን ሲያጠብቀውም ይቀጥናል። ርዝመቱ በግማሽ ሲያጥር ድግግሞሹ እጥፍ ይሆናል። በውጥረት እጥፍ ለማድረግ ግን ውጥረቱን አራት እጥፍ ማድረግ ይጠይቃል፤ ጭራው የሚበጠሰውም ለዚህ ነው። በኬብል የተያዙ ድልድዮችን የሚመረምሩ መሐንዲሶች የሚጠቀሙበት ሕግ ከዚህ አይለይም። ኬብሉን መትተው ድግግሞሹን ይለካሉ፤ ርዝመቱና የአንዱ ሜትር ክብደት ስለሚታወቅ ስንት ቶን እንደተሸከመ ያሰላሉ። የቺንጋ ውጥረትንም እንዲሁ ጠቅ አድርጎ በድምፁ የሚለካ መሣሪያ ገበያ ላይ አለ።

ወደ ሚዛን እንምጣ። የመኖ መፍጫውን ባለ መዶሻ ወፍጮ ውሰዱ። ሞተሩ በደቂቃ 2900 ዙር ይዞራል፤ ለ60 ስናካፍለው በሰከንድ 48 ነው። ከመዶሻዎቹ አንዱ ተበልቶ ከፊት ለፊት ጓደኛው በ50 ግራም ቀለለ እንበል፣ ከመሐል ያለው ርቀት 20 ሳንቲ ሜትር። ሃምሳ ግራም አንድ እፍኝ ጤፍ አይሞላም። በዚያ ፍጥነት ግን ወደ ውጭ የሚጎትተው ኃይል 922 ኒውተን ይሆናል፤ በኪሎ 94። የአንድ ኩንታል እህል ያህል ጉልበት በሰከንድ 48 ጊዜ ኩሽኔታውን ወደየአቅጣጫው እየጎተተው ነው። ያንኑ ወፍጮ በ1450 ዙር ብናዞረው ኃይሉ በግማሽ አይወርድም፤ ወደ ሩብ፣ ወደ 23 ኪሎ ይወርዳል። ኃይሉ የሚያድገው ከፍጥነቱ ጋር ሳይሆን ከፍጥነቱ ስኩዌር ጋር ነው። ፑሌጃ ቀይሮ ወፍጮውን «ትንሽ ማፍጠን» የሚወድ ሰው ይህን ቢያስብ መልካም ነው።

ባለ ድንጋይ ወፍጮ ቀስ ስለሚል ብዙ ይታገሣል፤ ቢሆንም ከአወቃቀሩ ይበላሻል። አንዱ ጎን ጠለቅ ተደርጎ ሲወቀር ከዚያ ጎን ክብደት ይነሳል። 200 ግራም በ25 ሳንቲ ሜትር ላይ፣ በደቂቃ 600 ዙር፣ 20 ኪሎ ያህል ይጎትታል። ወፍጮው ከተወቀረ ማግስት ጀምሮ መንቀጥቀጥ ካመጣ ሌላ ምክንያት ፍለጋ መሄድ የለብንም።

አሁን ሪዞናንስ። አንድን ነገር በራሱ የተፈጥሮ ድግግሞሽ ከገፋችሁት ትንሽ ግፊት ትልቅ ንዝረት ይወልዳል። የዥዋዥዌ ጨዋታ ያየ ልጅ ያውቀዋል፤ ገፊው ጉልበተኛ መሆን የለበትም፣ ጊዜውን መጠበቅ ነው ያለበት። ምን ያህል እንደሚያድግ የሚወስነው የሚያረግበው ነገር ነው። በብየዳ የተሠራ ባዶ የብረት መቆሚያ የማርገብ አቅሙ በጣም ትንሽ ስለሆነ ንዝረቱ ሠላሳና አርባ እጥፍ ሊደርስ ይችላል። ምላጩ ላይ የኤሌክትሪክ ፕላስተር ለጥፋችሁ ብትለቁት ቶሎ ይሞታል፤ ድግግሞሹ ግን ያው ነው ማለት ይቻላል።

እዚህ ላይ ቆም ብለን አንድ ልማድ እንክሰስ። ወፍጮ ሲንቀጠቀጥ ከሥሩ ያረጀ የመኪና ጎማ ቆርጦ ማንጠፍ የተለመደ ነው። ጎማ ያረግባል የሚለው እውነት ነው፣ ችግሩ ግን ግትርነቱን ማንም አይለካም። መለኪያው ቀላል ነው፦ ማሽኑ ሲቀመጥበት ጎማው ስንት ሚሊ ሜትር ሰመጠ? 15.8ን ለዚያ ቁጥር ስኩዌር ሩት ስታካፍሉት የማሽኑንና የጎማውን የጋራ የተፈጥሮ ድግግሞሽ በሄርትዝ ታገኛላችሁ። ጠንካራ የጎማ ቁራጭ ግማሽ ሚሊ ሜትር ብቻ ሰመጠ እንበል። ሂሳቡ 22 ሄርትዝ ይሰጣል። 1450 ዙር የሚዞረው ሞተር ደግሞ 24 ሄርትዝ ነው። ሁለቱ ጎረቤት ናቸው! ጎማው ንዝረቱን ከማስቀረት ይልቅ ወደ አምስት እጥፍ አሳድጎ ለወለሉ ያስተላልፋል። ጎማ የሚጠቅመው የማሽኑ ድግግሞሽ ከተፈጥሮ ድግግሞሹ ከ1.4 እጥፍ በላይ ሲርቅ ነው፤ ሦስት እጥፍ ቢሆን ይመረጣል። ለ24 ሄርትዝ ሦስት እጥፍ ማለት 8 ሄርትዝ፣ ይህም 4 ሚሊ ሜትር መስመጥ ነው። ያን ጊዜ ወደ ወለሉ የሚያልፈው ኃይል ከመቶ 12 ያህል ብቻ ይሆናል። ጎማ በንዝረት ጊዜ ግትርነቱ ቆሞ ከሚለካው ስለሚበልጥ እንዲያውም ከአራት በለጥ ቢል ደግ ነው።

በደቂቃ 650 ዙር የሚዞረው ባለ አንድ ሲሊንደር ዲዝል ሌላ ጉዳይ ነው። 11 ሄርትዝ የማይሞላ ማሽን ስለሆነ በዚሁ መንገድ ለማገድ ወደ 19 ሚሊ ሜትር የሚሰምጥ ነገር ያስፈልጋል፤ ያ የሞላ (የስፕሪንግ) ሥራ ነው፣ ጎማ አይችለውም። ፒስተኑ ወደላይ ወደታች ሲመላለስ የሚፈጥረውንም ኃይል በቮላኖ ላይ ክብደት በመጨመር ሙሉ በሙሉ ማጥፋት አይቻልም፤ ከላይ ወደታች ያለውን ስትቀንሱ ወደ ጎን ይወጣል። ስለዚህ መፍትሔው በከባድ ኮንክሪት ላይ ግጥም አድርጎ ማሰር ነው። የሙያው ልማድ ለሚዞር ማሽን የማሽኑን ክብደት ሦስት እጥፍ፣ ፒስተን ላለው አምስት እጥፍ ኮንክሪት ይላል። 300 ኪሎ ለሚመዝን ዲዝል 1500 ኪሎ ኮንክሪት፤ 1.2 ሜትር በ0.9 በ0.6 ቢፈስስ ይበቃል። ዋልካ አፈር ላይ ከሆነ በበጋ ስለሚሰነጠቅ፣ በክረምት ስለሚያብጥ ዋልካው ተቆርጦ ወጥቶ በተጠቀጠቀ ጠጠር መተካት አለበት። ከቤቱ ወለልና ግድግዳ ጋር ደግሞ አይያያዝ፤ ዙሪያውን 3 ሳንቲ ሜትር ያህል ክፍተት ተዉ። የጭቃ ግድግዳን የሚሰነጥቀው ያ ግንኙነት ነው።

መሣሪያ የሌለው ሰው ምን ያድርግ? ያለ ምንም ወጪ የሚሠራ፣ እኛም ከሁሉ አስቀድመን የምናስተምረው ሙከራ አለ፦ ማሽኑ በሙሉ ፍጥነት እየዞረ ማብሪያውን አጥፉና እጃችሁን ከሚዞረው ነገር አርቃችሁ ኩሽኔታው ቤት (ኩሽኔታውን የያዘው ብረት) ላይ አድርጉ። ንዝረቱ ኃይል በተቋረጠበት ቅጽበት ድርግም ብሎ ከጠፋ ምንጩ ኤሌክትሪኩ ነው። ሞተሩ ውስጥ የማግኔቱ ጉተታ ነው የሚያንቀጠቅጠው፤ በአገራችን መስመር ይህ በ100 ሄርትዝ ይታያል። ከፍጥነቱ ጋር እየቀነሰ ከሄደ ሚዛን ማጣት ወይም የአሰላለፍ መዛባት (የሚዞሩት ዘንጎች ወይም ፑሌጃዎች በቀጥታ አለመገጣጠም) ነው። እየቀነሰ መጥቶ አንድ ቦታ ላይ ድንገት ከፍ ብሎ ከዚያ ከወረደ ያ ሪዞናንስ ነው፤ በዚያ ፍጥነት ላይ ማሽኑን አታሠሩት። ቀጥሎ ቺንጋውን አውጥታችሁ ሞተሩን ብቻውን አስነሡት። ጸጥ ካለ ሞተሩን አትፍቱ፤ ችግሩ ከቺንጋው ወዲያ ነው።

መለኪያ ላለው ሰው ደግሞ ድግግሞሹ ስም ይጠራለታል። ሻፍቱ (የሚዞረው ዘንግ) በ24 ሄርትዝ ሲዞር ንዝረቱም በ24 ከሆነና ከሻፍቱ ጎን ከጎለበተ ሚዛን ማጣት ነው። በ48፣ በተለይም በሻፍቱ ርዝመት አቅጣጫ ከሆነ፣ የአሰላለፍ መዛባት ነው። 24፣ 48፣ 72፣ 96 እያለ በሰልፍ ከመጣ የላላ ነገር አለ፤ ቡሎን፣ የተሰነጠቀ እግር፣ የሰፋ የኩሽኔታ ቤት። ከ24 በታች ከታየ ቺንጋው ይጠርጠር፦ የሞተሩ ፑሌጃ 20 ሳንቲ ሜትር ሆኖ የቺንጋው ርዝመት 3 ሜትር ከሆነ ቺንጋው በሰከንድ 5 ጊዜ ይዞራል፣ ላዩ ላይ ያለው እብጠት በ5 ወይም በ10 ይመታል። ኩሽኔታ ሲቆስል ግን ቁጥሩ ከዙሩ ጋር ሙሉ በሙሉ አይገጥምም፤ 8 ኳስ ያለው ኩሽኔታ የውጪ ቀለበቱ ከተጎዳ ከዙሩ 3.2 እጥፍ ገደማ፣ የውስጡ ከሆነ 4.8 እጥፍ ገደማ ይሰጣል። በእኛ ሞተር 77ና 116 ሄርትዝ ማለት ነው። እንግዲህ ንዝረቱ ልክ 24 ላይ ቆሞ እያያችሁት ኩሽኔታ አትግዙ።

የስልክ አፕ ይሠራል ወይ ለሚለው ጥያቄ፣ ይሠራል፣ ግን ልኩን እወቁለት። ብዙ ስልክ ንዝረትን በሰከንድ 100 ጊዜ ያህል ነው የሚያነብበው፤ ስለዚህ ከ50 ሄርትዝ በላይ ያለውን በትክክል አያይም። ከዚህ የባሰው ደግሞ ማጣሪያ ከሌለው መዋሸቱ ነው። የቆሰለው ኩሽኔታ 116 ሄርትዝ በስልኩ ላይ 16 ሆኖ ይታያል፤ ያያችሁት «የቺንጋ ችግር ነው» ትላላችሁ።

የት ላይ እንደምትለኩም በምን እንደምትለኩ ከሚለው አያንስም። በጣና ገዳማት የተንጠለጠሉትን የድንጋይ ደወሎች አስቡ። ከዳር እስከ ዳር እኩል የሆነ ጠፍጣፋ ድንጋይ ሲመታ ሁለት የማይነቃነቁ ቦታዎች አሉት፤ ከየጫፉ የጠቅላላ ርዝመቱን 22 በመቶ ገባ ብሎ። እዚያ ላይ ከታሰረ ገመዱ ድምፁን አይገድለውም፤ ጫፉ ላይ ከታሰረ ይታፈናል። የማሽን መቆሚያም እንዲህ ያሉ የሞቱ ቦታዎች አሉት፤ መለኪያችሁን እዚያ ላይ ብታሳርፉት «ሰላም ነው» ይላችኋል። ቀጭን ሽፋን ላሜራ ላይ ብታደርጉት ደግሞ የሌለውን ያጋንናል። ሁልጊዜ ኩሽኔታው ቤት ላይ፣ በሦስት አቅጣጫ፣ በቀለም ምልክት ባደረጋችሁበት ያው ቦታ ለኩ።

የክፋቱን ልክ ደግሞ አይሶ 10816 የሚባለው፣ ኋላ በአይሶ 20816 የተተካው፣ ዓለም አቀፍ ደረጃ አስቀምጦት ነበር። የሚለካው በሚሊ ሜትር በሰከንድ ነው። እስከ 15 ኪሎ ዋት ላለ ትንሽ ማሽን 0.71 ድረስ እንደ አዲስ ነው፣ እስከ 1.8 ያለ ሐሳብ ይሠራል፣ ከዚያ እስከ 4.5 ጥገና ይፈልጋል፣ ከ4.5 በላይ ይቁም።

ይህ የወፍጮ ቤት ወሬ ብቻ አይምሰላችሁ። ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራው የጣና በለስ የውሃ ኃይል ማመንጫ አራት የፍራንሲስ ተርባይኖች (ውሃ ከጎን ገብቶ ከሥር የሚወጣባቸው) አሉት። የፍራንሲስ ተርባይን ከአቅሙ በታች ሲሠራ ከሥሩ የሚወጣው ውሃ እንደ ገመድ ተገምዶ ይሽከረከራል፤ ድግግሞሹ ከተርባይኑ ዙር ከአምስት እጅ አንዱ እስከ አምስት እጅ ሁለቱ ነው። ለዚህ ሲባል ተርባይን ሊቆይበት የማይገባ የኃይል ክልል ይሰመርለታል። ያ መስመር ካልተከበረ ምን እንደሚመጣ ሩሲያ ውስጥ በሳያኖ ሹሼንስካያ የውሃ ኃይል ማመንጫ ታይቷል። ነሐሴ 11 ቀን 2001 ዓ.ም. የሁለተኛው ተርባይን ክዳን ተነቅሎ ውሃው አዳራሹን አጥለቀለቀው፣ 75 ሰው ሞተ። ከተገኙት 49 የክዳኑ ቡሎኖች 41ዱ በድካም የተሰነጠቁ ነበሩ። ብረት የሚደክመው በአንድ ትልቅ ምት ሳይሆን በሚሊዮን ትንንሽ ምቶች ነው። በ24 ሄርትዝ አንድ ሚሊዮን ምት ለመቁጠር 12 ሰዓት እንኳ አይፈጅም።

በመጨረሻ ሚዛን ማስተካከልን እናሳያችሁ። ጎሚስታ ቤት ቸርኬ ላይ እርሳስ የሚመቱበት ማሽን ለወፍጮ አይሆንም፤ ቡሬም ሆነ ባሕር ዳር ላለ የዱቄት ፋብሪካ ፋን ግን ንዝረት መለኪያ፣ ኮምፓስና ወረቀት ይበቃል። ከዚያ በፊት ሁለት ነገር ይጣራ። ፋኑ ላይ የተጋገረ ዱቄት ይፋቅ፤ በዱቄት የተነሳን ሚዛን ማጣት በብረት ካስተካከላችሁት ዱቄቱ ሲወድቅ ተመልሳችሁ ትመጣላችሁ። ሁለተኛ፣ የሞተሩን እግሮች አንድ በአንድ ፍቱና ከሥር በፊለር ጌጅ (ክፍተት በሚለኩ ቀጫጭን ምላጮች) ለኩ፤ ከ0.05 ሚሊ ሜትር በላይ ክፍተት ካለ ሺም (ልኩ የታወቀ ስስ የብረት ንጣፍ) ይግባበት። ሮንዴላ ቀጥቅጦ ማስገባት ሥራ አይደለም።

ፋኑ 35 ኪሎ ይመዝናል፣ በ1450 ዙር ይዞራል እንበል። ባለበት አስነሡና ለኩ፤ 6 ሚሊ ሜትር በሰከንድ ተነበበ። አጥፉት፣ ማብሪያውን ቆልፉት። ፋኑን በሦስት እኩል ክፈሉና አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብላችሁ ምልክት አድርጉ። 6 ግራም የሙከራ ክብደት አንደኛው ምልክት ላይ፣ ከመሐል 25 ሳንቲ ሜትር ርቃችሁ በቡሎን እሰሩ፤ በሙጫ ወይም በፕላስተር አይሆንም፣ 3.5 ኪሎ ያህል ስለሚጎትት ይወነጨፋል። አስነሥታችሁ ለኩ፤ 7.2። ወደ ሁለተኛው አዛውሩት፤ 3.2። ወደ ሦስተኛው፤ 9.7። ወረቀት ላይ 6 ሳንቲ ሜትር ራዲየስ ያለው ክብ ሥሩ፣ ሦስቱን ምልክቶች ክቡ ላይ አስቀምጡ። ኮምፓሱን አንደኛው ላይ ተክላችሁ በ7.2፣ ሁለተኛው ላይ በ3.2፣ ሦስተኛው ላይ በ9.7 ሳንቲ ሜትር ቅስት ሳሉ። ሦስቱ ቅስቶች አንድ ቦታ ይገናኛሉ። ከክቡ መሐል እስከዚያ ነጥብ ለኩ፤ 4 ሳንቲ ሜትር ነው። 6ን ለ4 አካፍላችሁ በ6 ግራም ስታባዙ 9 ግራም ይመጣል። ቦታው መስመሩ የሚጠቁመው ነው፤ ከአንደኛው ወደ ሁለተኛው ሦስት አራተኛው መንገድ ላይ፣ 90 ዲግሪ። ሦስቱ ቅስቶች በሰፊው ከተላለፉ ከመካከል አንዱ ንባብ ተሳስቷል ወይም የላላ ነገር አለ፤ ክብደት አትበይዱ፣ ወደ ቡሎኖቹ ተመለሱ።

የሙከራውን ክብደት አውጥታችሁ 9 ግራሙን ስትበይዱ የብየዳው ምድር ሽቦ ፋኑ ላይ ይያዝ እንጂ ሞተሩ ላይ አይሁን፤ ኤሌክትሪኩ በኩሽኔታው ውስጥ ካለፈ ኳሶቹን ያቆስላቸዋል፣ ከዚያ በእርግጥ ኩሽኔታ ልትገዙ ነው። አምስተኛ ጊዜ አስነሡና ለኩ። የተነበበውን ቁጥር፣ ቀኑንና የተለካበትን ቦታ ማብሪያው አጠገብ ግድግዳው ላይ በቀለም ጻፉት፤ ከስድስት ወር በኋላ የሚመጣው መካኒክ የሚፈልገው እሱን ነው።